ከምላስ ሥር የተሸሸገው ቶንሲልና የፊዚክስ ድርሻ

«ቶንሲሌ ተነሣብኝ» ሲል ያልተሰማ የአዲስ አበባ ተማሪ ማግኘት ያዳግታል። ጉሮሮው የከረከረው፣ ጉንፋን የጀመረው፣ ማታ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠጥቶ ጠዋት ድምፁ የተዘጋበት ሁሉ ቶንሲል ታመምኩ ይላል። ይሁን እንጂ ይኸው ተማሪ ቶንሲል ስንት እንደሆነና የት የት እንደሚገኝ ቢጠየቅ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ከእንጥሉ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት እብጠቶች ከማሳየት አያልፍም። መልሱ ስሕተት ሳይሆን ጎደሎ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ስለጎደለው ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1884 ጀርመናዊው የሥነ አካል ሊቅ ሃይንሪክ ቪልሄልም ቫልዳየር የጉሮሮን መግቢያ እንደ ቀለበት የከበበ የሊምፍ ሕብረ ሕዋስ መኖሩን ገለጸ። የቀለበቱ የላይኛው ክፍል ከአፍንጫ በስተኋላ የሚገኘው፣ አዴኖይድ የሚባለው እጢ ነው። በጆሮ ቱቦዎች አፍ አጠገብ ትንንሽ ክምችቶች አሉ፤ ዝቅ ሲልም ሁላችን የምናውቃቸው ሁለቱ ቶንሲሎች በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ። ቀለበቱን ከታች የሚገጥመው የምላስ ሥር ቶንሲል ነው።

በመስተዋት ፊት ምላሳችንን ስናወጣ የምናየው ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን ብቻ ነው። የቀረው አንድ ሦስተኛ ታጥፎ ወደ ጉሮሮ ቁልቁል ይወርዳል። የምላስ ሥር ቶንሲል የሚገኘው በዚህ ቁልቁለት ላይ ሲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎ ምግብ ወደ አየር ቧንቧ እንዳይገባ የሚከላከለው፣ ኤፒግሎቲስ የተባለው ቅጠል መሳይ ክዳን አለ። በሁለቱ መካከል ያለችው ትንሽ ጎድጓዳ ስፍራ ኋላ ላይ ብዙ ስለምናወራባት አንባቢው ከወዲሁ ልብ ይበላት። የጎን ቶንሲሎች ከሥራቸው ካለው ሥጋ የሚለያቸው ሽፋን አላቸው፤ የምላስ ሥር ቶንሲል ግን እንዲህ ያለ ሽፋን ስለሌለው ከምላሱ ሥጋ ጋር ተጋምዶ የሚኖር፣ ወሰኑ በውል የማይለይ ሕብረ ሕዋስ ነው።

ይህ ሕብረ ሕዋስ በልዩ ልዩ ምክንያት ሊያብጥ ይችላል። ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን፣ ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ፣ ሲጋራ ማጨስና ከልክ ያለፈ ውፍረት ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። የጎን ቶንሲሎቻቸው በልጅነታቸው በቀዶ ሕክምና በወጡላቸው ሰዎች ላይም ይታያል፤ የቀለበቱ አንድ ክፍል ሲነሣ ሌላው የጎደለውን ለማካካስ የሚያድግ ይመስላል። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ደግሞ ከሌሎች ይልቅ ይጠቁበታል። አብዛኛው ባለ እብጠት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ጥቂቱ «ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ተወትፏል» ይላል፤ ሌላው ድምፁ አፉ ውስጥ ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው ይታፈናል፤ ሌላው ያስለዋል፣ ያንኮራፋል፣ በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ ይቋረጣል። እብጠቱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ የሊምፍ ካንሰርን የመሰለ ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ያለ ምርመራ ሊታለፍ አይገባም።

እስከዚህ ያለው የሐኪሞች ጉዳይ ነው። የፊዚክስ መምህር በዚህ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በአገራችን የጉሮሮ ሕመም ታሪክ ከሞላ ጎደል የሚታየውን የመቁረጥና የማይታየውን የመርሳት ታሪክ ነው፤ የማይታየውን የሚያሳየው መሣሪያ ደግሞ ከመስተዋቱ እስከ ካሜራው ድረስ የፊዚክስ ልጅ ነው። ስለሆነም የሳይንስ ተማሪዎቻችን ጉሮሮን ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ መተዋቸው አይገባም እላለሁ።

ስለ መቁረጡ እናንሣ። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ከሰሜን እስከ ደቡብ በብዙ የአገራችን ክፍሎች የኖረ ልማድ ነው። ሕፃኑ ጡት አልጠባ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ካሳለው ወይም ትንፋሽ ካጠረው «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና ወደ ባህል ሐኪም ይወሰዳል። ቆራጩ እንጥሉን በክር ወይም በፈረስ ጭራ ቋጥሮ በስለት ይቆርጠዋል፤ ቶንሲሉንም በጣቱ ይቧጥጠዋል። ከዚህ የሚከተለው መድማት፣ የደም ማነስ፣ መመርቀዝ፣ ቴታነስና በደም የሚተላለፍ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 የሕፃናትን እንጥል መቁረጥን በስም ጠቅሶ፣ ለሞት ምክንያት ከሆነ እንደሚያስቀጣ ደንግጓል።

ልማዱን በመኮነን ብቻ ማለፍ ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። ልጇን ተሸክማ ወደ ቆራጭ የሄደችውን እናት «እንጥሉ ምን ያደርገዋል ብለሽ ነው?» ብንላት «ጉሮሮውን ይዘጋዋል» ትላለች። ይህ አባባል ስለ ቧንቧና ስለ አየር የቀረበ መላ ምት ነው። የትንፋሽ መንገድ ሲጠብ ልጅ እንደሚሞት ተገንዝባለች፤ በዚህም ትክክል ናት። የሳተችው መጥበቢያውን ስፍራ ነው፤ የሳተችውም አፍ ሲከፈት ተንጠልጥሎ የሚታየው እንጥል ብቻ ስለሆነ ነው። የጠበበው ከአፍንጫ በስተኋላ ሊሆን ይችላል፤ ከምላስ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ሳንባው ውስጥም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱንም ያለ መሣሪያ ማየት አይቻልም።

መቁረጡ የሚያስከፍለው ሌላም ዋጋ አለ። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የተነሣ የጉሮሮ ሕመም በጀመረ በዘጠኝ ቀናት ውስጥ በፔኒሲሊን ከታከመ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። ቀናቱ በቤት ውስጥ ሙከራና በቧጣጭ ደጃፍ ካለፉ ግን ሕመሙ ከጉሮሮ ወደ ልብ በሮች ሊሻገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በጅማ ትምህርት ቤቶች ከተመረመሩት ከ1,000 ተማሪዎች 30 በሚሆኑት ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት አግኝቷል፤ ምርመራው የተደረገው በልብ አልትራሳውንድ ነበር። አልትራሳውንድ ድምፅን በመላክና ገደል ማሚቶውን በመቀበል የሚሠራ የፊዚክስ መሣሪያ ሲሆን፣ በጆሮ ማዳመጫ የማይሰማውን ብዙ ጉዳት ያሳያል። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ሕሙማን መርጃ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2009 በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማእከሉን ሲከፍት ከሚጠብቁት ሕፃናት ብዙዎቹ የጉሮሮ ሕመም ያቆሰላቸው እንደነበሩ መዘንጋት የለብንም።

አሁን ወደ ቧንቧው እንግባ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የፈሳሾችን ፊዚክስ ሲማር በቧንቧ ውስጥ በእርጋታ የሚፈስ ፈሳሽ ወይም አየር ከቧንቧው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያነባል። ይህ የፖይዝዌል ሕግ የሚባለው ነው። የቧንቧው ውስጣዊ ስፋት ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 8 ቢወርድ ያንኑ ያህል አየር ለማሳለፍ የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነት 2.4 እጥፍ ይሆናል። ወደ 5 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 16 እጥፍ ይሆናል። በመማሪያ መጽሐፎቻችን ሕጉ የሚብራራው በውኃ ቧንቧ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በአንገቱ ውስጥ ተሸክሞት የሚዞረውን ቧንቧ ትቶ ስለ ውኃ ልማት ቧንቧ መናገር ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

ጥንቁቅ ተማሪ እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይገባል። ጉሮሮ ቀጥ ያለ የብረት ቧንቧ አይደለም፤ በውስጡ የሚያልፈውም አየር ሁልጊዜ የረጋ አይደለም። እናስላው። ሰው ተረጋግቶ ሲተነፍስ አየሩ በፈጠነበት ቅጽበት በሰከንድ ግማሽ ሊትር ያህል ያልፋል። አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ውስጥ ይህ ማለት በሰከንድ 6.4 ሜትር ነው፤ የሬይኖልድስ ቁጥሩም ከ4,000 ይበልጣል። ስለዚህ ፍሰቱ ነውጠኛ ነው፤ የፖይዝዌልም ሕግ በቀጥታ አይሠራበትም። ሆኖም ፍሰቱ በነወጠ ጊዜ የመጥበብ ቅጣቱ ከ16 ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

በርኑሊንም እንጥራው። አየሩ በሰከንድ 6.4 ሜትር ሲሮጥ ግፊቱ በ25 ፓስካል ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መንገዱ በግማሽ ቢጠብ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሜትር ይሆናል፤ በቀለበት መንገድ ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ከሚበር መኪና ጋር ይተካከላል ማለት ነው። የግፊቱ ቅናሽም ወደ 400 ፓስካል፣ ማለትም ወደ አራት ሳንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ ይደርሳል። ነቅተን ሳለን የጉሮሮ ጡንቻዎች ወጥረው ስለሚይዙት ይህን ይቋቋማሉ። እንቅልፍ ሲወስደን ግን ይላላሉ፤ ምላስም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከምላሱ ሥር ያበጠ ሕብረ ሕዋስ ካለ የጠበበው መንገድ አየሩን ያፈጥናል፤ የፈጠነው አየር ግፊቱን ይቀንሳል፤ የቀነሰው ግፊት ለስላሳውን ግድግዳ ወደ ውስጥ ይስባል፤ መንገዱም ይበልጥ ይጠባል። ማንኮራፋት የዚህ ግድግዳ መርገብገብ ነው፤ ባንዲራ በነፋስ እንደሚርገበገብ። ግድግዳው ጨርሶ ሲገጥም ድምፁ ይጠፋል፤ ትንፋሹም ይቆማል፤ አንጎል ደንግጦ ሰውየውን እስኪቀሰቅሰው ድረስ። ይህ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ይደርሳል። በቤታችን «ደክሞት ነው፣ እንቅልፉ ከብዶት ነው» የሚባልለት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል። የጎን ቶንሲሎቹና አዴኖይዱ ከወጡለት በኋላ ማንኮራፋቱ ባልተወው ልጅ ላይ ሐኪሞች ከሚመረምሯቸው ስፍራዎች አንዱ የምላስ ሥር ነው።

የዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ እንዴት እንደተገኘ መስማት ለተማሪ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሲድኒ አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን ጉሮሮን የሚዘጋው የግፊት ማነስ ከሆነ ትንሽ ግፊት በአፍንጫ በኩል ቢጨመር እንደ ምሰሶ ደግፎ ሊይዘው ይችላል ብሎ አሰበ። የተጠቀመበት የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሞተርን ነው፤ እንዲስብ ሳይሆን እንዲነፋ አድርጎ። የሚያስፈልገው ግፊት ጥቂት ሳንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ ብቻ ነበር፤ ቀደም ሲል ካሰላነው ቁጥር ብዙም አይርቅም። ዛሬ ይህ መሣሪያ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች የሚተኙበት ነው።

የምላስ ሥር ቶንሲል ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ሰው በፈቃዱ በሚተኛበት በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙሉ ሰመመን የተሰጠው ሰው መተንፈስ ያቆማል፤ የሰመመን ባለሙያው በደቂቃዎች ውስጥ በማንቁርቱ በኩል ቱቦ ማስገባት አለበት። ለዚህ የሚያገለግለውን ጥምዝ ስለት መሳይ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1943 ያስተዋወቀው የኦክስፎርዱ ሮበርት ማኪንቶሽ ነው። የመሣሪያው ጫፍ የሚያርፈው አስቀድሜ ልብ ትባል ባልኳት ጎድጓዳ ስፍራ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ኤፒግሎቲስን ሲያነሣ የማንቁርቱ በር ይታያል። ያበጠው ቶንሲል ስፍራዋን ሞልቶ ከተገኘ ጫፉ ማረፊያ ያጣል፤ ክዳኑ አይነሣም፤ የተነካው ሕብረ ሕዋስ ይደማል፤ በሩም አይታይም። ከሁሉ የሚከፋው ይህ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ሕመምተኛው አፉን ከፍቶ ምላሱን እንዲያወጣ ተደርጎ ይመረመራል፤ ነገር ግን ቶንሲሉ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቺካጎ አንድራኒክ ኦቫሳፒያንና ባልደረቦቹ ቱቦ ማስገባት ሳይታሰብ ያልተሳካላቸውን 33 ሰዎች በተጣጣፊ መመልከቻ መርምረው ነበር፤ በሁሉም ላይ በጋራ የተገኘው የምላስ ሥር ቶንሲል እብጠት ነው።

እዚህ ላይ ልደታን ከቺካጎ የሚለያት ነገር አለ፤ ከፍታዋ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የአንድ ጎልማሳ ሳንባ ተንፍሶ ሲያበቃ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል አየር ይዞ ይቀራል፤ ሰውነቱ በደቂቃ ሩብ ሊትር ኦክስጅን ይፈጃል። በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው በሳንባው ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ከአንድ ደቂቃ ጥቂት ይበልጥ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ መጠኑ በሦስት አሥረኛ ገደማ ስለሚያንስ አንድ ደቂቃም አይሞላ። የሰመመን ባለሙያዎች አስቀድመው ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጡት ለዚህ ነው፤ ሳንባው ኦክስጅን ብቻ ሲሞላ ጊዜው በባሕር ጠለል ከስምንት ደቂቃ በላይ፣ በእኛ ከተማ ደግሞ ስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህ ደምንና ሌላውን የሰውነት ክምችት ያልጨመረ ሻካራ ስሌት ነው፤ ለሕፃናት ደግሞ ከዚህ እጅግ ያጥራል። ስሌቱ ሻካራ ቢሆንም የሚለው ነገር ግልጽ ነው፦ የማይታየውን ለመፈለግ የሚኖረን ጊዜ ከሌላው ዓለም ያነሰ ከሆነ፣ አስቀድሞ የሚያይ ዓይን የሚያስፈልገን ከሌላው የበለጠ ነው።

ያ ዓይን እንዴት ተፈጠረ? የሚገርመው፣ መጀመሪያ ሐኪም አልሠራውም። ማኑዌል ጋርሲያ የዘፈን መምህር ነበር። ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ ይናፍቅ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1854 አንዲት የጥርስ ሐኪም መስተዋት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በሌላ የእጅ መስተዋት የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ፣ የገዛ ማንቁርቱን ሲንቀሳቀስ ተመለከተ። በማግሥቱ ዓመት ያየውን ለለንደን የሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ሁለት መስተዋትና ፀሐይ! ፀሐይ ከሞላበት አገር የመጣ ሰው ይህን ሲያነብ ሳይቆጨው አይቀርም።

የተጣጣፊው መመልከቻ ታሪክ ደግሞ ከእራት ጠረጴዛ ይጀምራል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሂው ጌይንስቦሮ የተባለ ሐኪም በአንድ ግብዣ ላይ ከፊዚክስ ሊቁ ከሃሮልድ ሆፕኪንስ አጠገብ ተቀምጦ ጨጓራ ለማየት የሚያስገቡት ግትር ቱቦ ሕመምተኛውን እንደሚያሠቃይ አማረረ። ሆፕኪንስ ጉዳዩን ይዞ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1954 ከተማሪው ከናሪንደር ካፓኒ ጋር ሆኖ ምስልን በቀጫጭን የመስተዋት ክሮች ጥቅል ውስጥ ማስተላለፍ እንደሚቻል አሳተመ። መሠረቱ ሁላችሁም በክፍል የምትማሩት ፍጹም ውስጣዊ ነጸብራቅ ነው። በ1959 ደግሞ ለግትሩ መመልከቻ ሌላ መላ አመጣ። የቀድሞዎቹ ረጅም ቱቦዎች በአየር የተሞሉ ሆነው እዚህም እዚያም ስስ ሌንሶች ይሰኩባቸው ነበር። ሆፕኪንስ ይህን ገለበጠው፤ ቱቦውን በረጃጅም የመስተዋት ዘንጎች ሞላና በመካከላቸው የቀሩትን ስስ የአየር ክፍተቶች እንደ ሌንስ አሠራቸው። ብርሃኑ እጅግ በረታ፤ ምስሉም ጠራ። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር ይህ ሥርዓት ከኦፕቲክስ የቤት ሥራዎቻችን አንዱ ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አልወሰደብንም። ማሰቡ ግን አንድ ሆፕኪንስ ጠይቋል።

ዛሬ በዚህ መመልከቻ የምላስ ሥር ቶንሲል በአፍንጫ በኩል በጥቂት ደቂቃ ይታያል። እብጠቱ ከታየ በኋላ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ መቁረጥ አይደለም፤ አሲዱን ማከም፣ ኢንፌክሽኑን ማዳን፣ ሲጋራውን ማስተው፣ መከታተል ነው። ለጥቂቶች ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ በሬዲዮ ሞገድ በጨው ውኃ ውስጥ በሚፈጠር ፕላዝማ ማንሣት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ነው። በማየትና በመቁረጥ መካከል ያለው ቅደም ተከተል እንዴት እንደተገለበጠ አስተውሉ።

በዚህ ጉዳይ ያነጋገርኳቸው አንዳንድ የሥራ ባልደረቦች «አገሪቱ ወባና የሳንባ ነቀርሳ እያለባት ስለ ምላስ ሥር እብጠት መጨነቅ ቅንጦት ነው» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። እኔም ለዚህ አንድ ሕብረ ሕዋስ ተብሎ ሆስፒታል ይሠራ አላልኩም። ነገር ግን የምላስ ሥርን የሚያሳየው መመልከቻ የሳንባን ዕጢ፣ በሕፃን አየር ቧንቧ የተሰነቀረ ባቄላና የጨጓራን ቁስል ከሚያሳዩት ጋር በአንድ ዓይነት ብርሃንና በአንድ ዓይነት ኦፕቲክስ ይሠራል። ሌንሱ ሲጨፈግግ፣ የመስተዋት ክሮቹ ተሰብረው ምስሉ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ሲበዙ፣ የብርሃን ምንጩ ሲደክም፣ ዋጋው ከባድ የሆነ መሣሪያ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ክር ሲሰበር ነጥብ እንደሚጠቁር የሚያውቅ፣ የብርሃኑን ኃይል የሚለካ፣ የጨፈገገውን ሌንስ ከተሰበረው የሚለይ ሰው ግን ከየት ይመጣል? በየዓመቱ ኦፕቲክስን በጥሩ ውጤት አልፈው ከእኛ ክፍል የሚመረቁት ወጣቶች ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን በእጃቸው ይዘው አያውቁም።

ልደታን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እዚያ ነው፤ ባልቻ ሆስፒታልም እዚያው ነው። ለብዙ ትውልድ የእጅ ሙያ ያስተማረው ተግባረ እድ ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው፤ ከዚያ እስከ ጥቁር አንበሳ በእግር የሚኬድ መንገድ ነው። ሐኪሙ፣ ብረት የሚቀርጸው እጅና የፊዚክስ ተማሪው በአንድ ታክሲ መሥመር ላይ ይኖራሉ፤ የጎደለው የእነ ጌይንስቦሮ የእራት ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። የመጨረሻ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች ከመመረቂያ ሥራዎቻቸው ጥቂቱን ከአንድ ከአንገት በላይ ሐኪም ወይም ከአንድ የሰመመን ባለሙያ አፍ በሰሙት ችግር ላይ ይሥሩ። ከአገልግሎት የወጣ መመልከቻ በሆስፒታል መጋዘን ከሚበሰብስ ወደ ኦፕቲክስ ቤተ ሙከራ ይምጣ፤ ይፈታ፤ ይታይ። መካኒኮች ሞተር ውስጥ ለማየት የሚጠቀሙባቸው፣ በእጅ ስልክ ላይ የሚሰኩት ቀጫጭን ካሜራዎች ለመለማመጃ ይበቃሉ፤ በሰው ጉሮሮ ለማስገባት ግን እንደ ሕክምና መሣሪያ ከጀርም ስለማይጸዱ ማንም ተማሪ በራሱም ሆነ በጓደኛው ላይ እንዳይሞክራቸው አደራ እላለሁ።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ አደራ አለኝ። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ በየሌሊቱ የሚያንኮራፉ፣ በመካከሉም ዝም ብለው ቆይተው በድንገት የሚያጓሩ ከሆነ፣ ዝምታውን በሰዓት ቁጠሩና ለወላጆቻችሁ ቁጥሩን ንገሩ። «ያንኮራፋል» ማለትና «ትንፋሹ 15 ሰከንድ ይቆማል» ማለት በሐኪም ፊት አንድ አይደሉም። በቤታችሁ ስለ እንጥል መቁረጥ የሚነሣ ወሬ ካለም እናታችሁን አትሳቁባት፤ ከላይ ያየነውን የቧንቧ ስሌት በወረቀት ሠርታችሁ አሳይዋትና መጥበቢያው የት ሊሆን እንደሚችል አብራችሁ ተነጋገሩ።

ለእኔ ተማሪዎች የሚቀጥለው ፈተና አንድ ጥያቄ ከወዲሁ ተዘጋጅቷል፤ የዚህ መጽሔት አንባቢዎችም ሊሞክሩት ይችላሉ። የአንድ ሰው የአየር መንገድ ከምላሱ ሥር 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው፤ በእብጠት ምክንያት 6 ሚሊ ሜትር ሆነ። በሰከንድ 0.4 ሊትር አየር ሲያልፍ በሁለቱም ሁኔታ ፍጥነቱን፣ የሬይኖልድስ ቁጥሩንና የበርኑሊን የግፊት ቅናሽ አስሉ። ስሌቱን መጀመሪያ ለባሕር ጠለል፣ ቀጥሎ የአየሩ እፍጋት በሩብ ገደማ ለሚያንስበት ለልደታ ሥሩት። ለአንዱ ክፍል የምታገኙት መልስ ከጠበቃችሁት ተቃራኒ ነው፤ የአየሩ መሳሳት ለሳንባው የከፋ ሲሆን ለጉሮሮው ግን ጥቂት ይራራለታል። ለምን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ አብራሩ።